ነፋስ ውኃን ሲያምስ፦ ከውቅያኖስ ሮቦቶች እስከ ጣና

ክረምት ሲገባ ጉና ጉም ለብሶ ይከርማል። ከተራራው በደብረ ታቦርና በጋፋት ዙሪያ የሚወርደው ውኃ ገሚሱ በጉማራ፣ ገሚሱ በርብ ተሰብስቦ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። የዝናቡ እርጥበት ግን እዚሁ የተፈጠረ አይደለም። ከሕንድ ውቅያኖስ፣ በቀይ ባሕር በኩል ከሰሜን፣ በምዕራብም ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ ተጉዞ የደረሰ ነው። የደቡብ ጎንደር ገበሬ ባሕር አይቶ ባያውቅም እህሉ ከባሕር ገጽ ሙቀት ጋር የተሳሰረ ነው። የባሕርን ገጽ ሙቀት ከሚወስኑት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከታችኛው ጋር ምን ያህል ያማስለዋል የሚለው ነው።

ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ብዙው መልስ የተገኘው ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ፣ ሰው ሊቆም በማይችልበት ማዕበል ውስጥ ገብተው በሚለኩ ሮቦቶች ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ምን አስተማሩን? ምንስ ይቀራቸዋል? እኛስ ከዚህ ዕውቀት ምን ድርሻ አለን? ለመጨረሻው ጥያቄ ያለኝን አቋም ከወዲሁ ልናገር። የውቅያኖስ ጥናት ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቅ ያለው አገር ከዚህ ሥራ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የውቅያኖስ ውኃ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛው ክፍል እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ከጥቂት አሥር ሜትሮች እስከ መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወፍራል። ከሱ በታች ውኃው በአጭር ርቀት ውስጥ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ሞቃቱ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛው ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፤ ካልነኳቸው ሁለቱ አይቀላቀሉም። የሚነካቸው ነፋስ ነው።

ነፋስ ውኃን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ በስሌት ለማሳየት የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የወሰዱት ስዊድናዊው ቫግን ኤክማን ናቸው። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ከ1893 እስከ 1896 ፍራም በተባለችው መርከብ በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ ሲጓዙ፣ በረዶው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ፣ ወደ ቀኝ እያዘነበለ እንደሚንሳፈፍ አስተዋሉ። ኤክማን በ1905 ምክንያቱ የምድር መሽከርከር መሆኑን አስረዱ። ቀጥሎ አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሙር በ1927 አትላንቲክን ሲያቋርጡ የባሕር አረም በነፋሱ አቅጣጫ መስመር መስመር ሠርቶ ተኝቶ አዩ። ነገሩን ለመመርመር የሄዱት ወደ ውቅያኖስ አልነበረም፤ በኒውዮርክ ግዛት ወዳለው ወደ ጆርጅ ሐይቅ ነበር። ነፋስ ከውኃው ገጽ በታች ጎን ለጎን የሚሽከረከሩ ረጃጅም ጥቅልሎች እንደሚፈጥር፣ አረፋና አረም የሚሰለፉትም ጥቅልሎቹ በሚገናኙበት መስመር ላይ መሆኑን በ1938 ጽፈው አሳወቁ። ዛሬ የውቅያኖስን መማሰል የሚያሰላ ሰው ሁሉ እነዚህን ጥቅልሎች ማስገባት አለበት።

የምድር መሽከርከር ነገር አንድ ስሌት ያስጨምራል። ነፋስ የገፋው ውኃ፣ ነፋሱ ካረፈ በኋላም በራሱ ጉልበት እየዞረ ይቆያል። አንዱን ዙር የሚጨርስበት ጊዜ ከምድር ወገብ ባለው ርቀት ይወሰናል። 45 ዲግሪ ላይ 17 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጣና ባለበት 12 ዲግሪ ላይ ግን ወደ 58 ሰዓት ይደርሳል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን የሚያልፍ ሀሪኬን (እየተሽከረከረ የሚጓዝ ብርቱ የባሕር ማዕበል) በስተቀኙ በኩል ያለውን ውኃ ይበልጥ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ የተነሳ ነው። በዚያ ወገን ነፋሱ አቅጣጫውን የሚቀይረው ውኃው በሚዞርበት አኳኋን ስለሆነ፣ ግፊቱ በግፊት ላይ እየተደራረበ ውኃውን ያፈጥነዋል። የፈጠነው የላይኛው ውኃ ከታችኛው ጋር ሲፋተግ ቀዝቃዛውን እያነሳ ይቀላቅለዋል።

የውቅያኖስ ተመራማሪው ጄምስ ፕራይስ በ1981 ባሳተሙት ጥናት ሀሪኬን ካለፈ በኋላ ባሕሩ ለምን እንደሚቀዘቅዝ አሰሉ። ሰው ሁሉ የሚገምተው ማዕበሉ ሙቀቱን መጥጦ ወሰደው ብሎ ነው። ስሌቱ ያሳየው ግን የቅዝቃዜው አብዛኛው ድርሻ ከታች ተማስሎ ከወጣው ቀዝቃዛ ውኃ የመጣ መሆኑን ነው። ለኔ የዚህ ሁሉ ጥናት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ማዕበል ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ውኃ ነው፤ በጉልበቱ ውኃውን ሲያምስ ግን የራሱን ማገዶ ያበርዳል። ከታች ያለው ውኃ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነና ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ሳያውቁ ማዕበሉ ይበረታል ወይስ ይደክማል ብሎ መተንበይ አይቻልም። ሳተላይት ደግሞ የሚያየው ገጹን ብቻ ነው።

መለካቱ ነበር ችግሩ። መርከብ ከማዕበል ይሸሻል እንጂ ወደ ማዕበል አይሄድም። በ1989 አሜሪካዊው ሄንሪ ስቶመል አንድ አስገራሚ ጽሑፍ አወጡ፤ ራሳቸውን በ2021 ላይ አስቀምጠው፣ ሰው የሌለባቸው ትናንሽ ተንሸራታቾች በዓለም ውቅያኖሶች እየዋኙ መረጃ የሚልኩበትን ዘመን ወደ ኋላ ዞረው እንደሚያስታውሱ አድርገው ጻፉት። መሐንዲሱ ዳግ ዌብ ሐሳቡን ወደ ብረት ለወጡት። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በ1991 የተደረጉት በፍሎሪዳ በአንድ ምንጭና በኒውዮርክ ግዛት በሴኔካ ሐይቅ ነው። ከውቅያኖሱ በፊት እንደገና ሐይቅ ቀደመ።

ከሮቦቶቹ ሁሉ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ግን እጅግ ቀላሉ ነው፤ አርጎ ይባላል። ቁመቱ ከሰው ቁመት ብዙም የማይርቅ ሲሊንደር ነው። የሚያስኬደው ሞተርም ፕሮፔለርም የለውም። በሆዱ ዘይት ይዟል። ዘይቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍቶ ከሥሩ ያለውን የጎማ ከረጢት ሲሞላ ክብደቱ ሳይቀየር ይዘቱ ይሰፋል፣ ይንሳፈፋል፤ ዘይቱን መልሶ ሲስብ ይሰምጣል። 1,000 ሜትር ላይ ሆኖ ከውኃው ጋር እየሄደ ይሰነብታል። በየ10 ቀኑ ወደ 2,000 ሜትር ይወርድና ከዚያ ቀስ ብሎ እየወጣ የሙቀቱን መጠን፣ ጨዋማነቱንና ግፊቱን ይመዘግባል። ከውኃው ሲወጣ መረጃውን ወደ ሳተላይት ልኮ ተመልሶ ይሰምጣል። ባትሪው እስኪያልቅ፣ አራት አምስት ዓመት፣ ሥራው ይኸው ነው። መርሐ ግብሩ በ1999 አካባቢ ተጀምሮ በ2007 የታቀደውን 3,000 ተንሳፋፊ ሞላ፤ ዛሬ ቁጥሩ ወደ 4,000 ይጠጋል። ሁለት ሚሊዮንኛው የጥልቀት ልኬት በ2018 ተመዘገበ። መረጃው በተላከ በሰዓታት ውስጥ ለማንም ሰው ክፍት ይሆናል፤ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ያለ ተማሪ ኢንተርኔት ካገኘ ሊያወርደው ይችላል። እኔ ከማሽኑ ይልቅ የማደንቀው ይህን ውሳኔ ነው።

አርጎ ለማዕበል ጥናት ብቻውን አይበቃም። ሀሪኬን በአንድ ቀን ያልፋል፣ አርጎ በ10 ቀን አንድ ጊዜ ይለካል። ስለዚህ በ2004 ሀሪኬን ፍራንሲስ በአትላንቲክ ሲገሰግስ ተመራማሪዎች ልዩ ተንሳፋፊዎችን ከአውሮፕላን በፓራሹት ከፊቱ ጣሉለት። ከነዚህ ውስጥ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሠሯቸው ሦስቱ ከሙቀትና ከጨዋማነት በተጨማሪ የውኃውን ፍጥነት ይለኩ ነበር። ማዕበሉ በላያቸው ሲያልፍ እየወጡና እየወረዱ መዘገቡ። ከማዕበሉ በስተቀኝ የነበረው ተንሳፋፊ ገጹ ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቀዘቅዝና መማሰሉ እስከ 120 ሜትር ሲወርድ አየ። ፕራይስ በወረቀት ያሰሉት በቀጥታ ሲለካ ታየ ማለት ነው።

ተንሸራታቾቹ ደግሞ ሌላ ትምህርት አመጡ። እንደ አርጎ ይዘታቸውን እየለዋወጡ ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ክንፍ ስላላቸው ግን ቁልቁለቱን ወደፊት መሄጃ ያደርጉታል። ፍጥነታቸው በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማዕበልን ሊያሳድዱ አይችሉም፤ ቀድመው ገብተው ይጠብቁታል። ከነዚሁ አንዷ በ2009 አትላንቲክን አቋርጣ ከአሜሪካ ስፔን ገብታለች። በነሐሴ 2011 ሀሪኬን አይሪን በኒው ጀርሲ ዳርቻ ሲያልፍ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተንሸራታች እዚያው ነበረች። አይሪን ከተተነበየው በላይ ደክሞ ነው የደረሰው። ተንሸራታቿ ያየችው ምክንያቱን ገለጠ፤ በጥልቀት ባለው ቀዝቃዛ ውኃና በገጹ ሞቃት ውኃ መካከል የነበረው ድንበር ፈርሶ፣ ገጹ ከ5 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ነበር። ከቅዝቃዜውም አብዛኛው የመጣው የማዕበሉ ዓይን ከመድረሱ በፊት ነው። ትንበያ የሚሠሩት ሞዴሎች ቅዝቃዜው ከማዕበሉ ኋላ እንደሚከተል ያስቡ ስለነበር፣ ጉልበቱን አብዝተው ገምተውታል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ከፖርቶ ሪኮ በስተሰሜን የነበረች ሌላ ተንሸራታች ተቃራኒውን አሳየች። ሀሪኬን ጎንዛሎ ሲያልፍ ገጹ ብዙም አልቀዘቀዘም። ከላይ ጨው የቀነሰበት ቀላል ውኃ ስለነበረ ከታች ካለው ጋር አልማሰል አለ፤ ማዕበሉም ማገዶው ሳይበርድበት በረታ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሙቀትን ብቻ ለክቶ ጨውን መተው ምን እንደሚያስከትል ይገባዋል። በአንድ ሕግ ሁሉን ባሕር መፍረድ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ባሕር በራሱ መለካት አለበት።

ያልተፈታውም ብዙ ነው። እጅግ በበረታ ነፋስ ውስጥ የባሕሩ ገጽና አየሩ የሚለዩበት መስመር ይጠፋል፤ ሁሉም አረፋና ርጭት ይሆናል። በዚያ ሁኔታ ነፋሱ ውኃውን የሚይዝበት አቅም ማደጉን እንደሚያቆም በ2003 ታውቋል፤ ምክንያቱ ግን እስካሁን ያከራክራል። በመስከረም 2021 ሴይልድሮን የተባለው ሰው አልባ ጀልባ ሀሪኬን ሳም ውስጥ ገብቶ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ሞገድ በቪዲዮ ቀርጾ ወጣ። ምስሉን ዓለም ሁሉ ተመለከተው፤ ለሳይንሱ የሚጠቅመው ግን አብሮ የለካው የአየርና የውኃ ሙቀት ነው።

የኛን ዝናብ የሚመለከተው ውቅያኖስ ግን ከአትላንቲክ ይልቅ የሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ መለኪያ የጎደለውም እሱ ነበር። ክረምት ላይ በሶማሊያ ዳርቻ እየጋለበ ወደ ሕንድ የሚሻገር ብርቱ ነፋስ አለ፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያው ጆን ፊንድሌተር በ1969 በዝርዝር ገልጸውታል። ይህ ነፋስ የዓረቢያን ባሕር ያምሰዋል፣ በሶማሊያ ዳርቻም ቀዝቃዛ ውኃ ከታች ያወጣል። ለጥናት ይህን ያህል የሚያጓጓ ባሕር በባሕር ላይ ውንብድና ዘመን መርከብ የማይደፍረው ሆነ፤ ቋሚ መለኪያዎችን መትከል አልተቻለም፣ አርጎ ለመጣልም በ2011 የአውስትራሊያና የአሜሪካ ባሕር ኃይሎችን እርዳታ መጠየቅ ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁኔታው ተሻሽሏል። በ2016 ክረምት የሕንድና የብሪታንያ ተመራማሪዎች በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተንሸራታቾች አሰማሩ። በኦማን ባሕረ ሰላጤም ተንሸራታቾች ገብተው ኦክስጅን ያጣው የውኃ ክፍል ከተገመተው በላይ የሰፋ መሆኑን በ2018 አሳወቁ።

ይህ ከደጋው ሕይወት የራቀ የሚመስለው አንባቢ አንበጣውን ያስታውስ። በግንቦት 2018 መኩኑ፣ በጥቅምት 2018 ሉባን የተባሉ ሳይክሎኖች (የሕንድ ውቅያኖስ ሀሪኬኖች) የዓረቢያን በረሃ ዝናብ አጠጡት። አንበጣው ሰው በማይደርስበት አሸዋ ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ፤ በ2019 እና በ2020 ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ፤ በወሎና በራያ የደረሰ ማሽላ በላ። በታኅሣሥ 2019 ሶማሊያን የመታው ፓዋን የተባለው ሳይክሎን ደግሞ መራቢያውን አሰፋለት። እነዚያ ሳይክሎኖች የሚበረቱትም የሚደክሙትም ከሥራቸው ባለው ውኃ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምት ትንበያ ሲያወጣ የፓሲፊክና የሕንድ ውቅያኖስን ገጽ ሙቀት አይቶ፣ ካለፉት ዓመታት ተመሳሳዩን ፈልጎ ነው። በ2015 ኤል ኒኞ ክረምቱን ሲያሳጥረው ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገን እርዳታ ጠባቂ ሆኗል።

አሁን ወደ ራሳችን ውኃ እንውረድ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለው ሰፊና ሥሩ ቅርብ ውኃ የነፋስ መጫወቻ ነው፤ ቀን ፀሐይ የሠራችውን ንብርብር ነፋሱ ያፈርሰዋል። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሁሉ ማለዳ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሳ መመለስን ይመርጣል። ጥቂት ሰዓት ነፍሶ ለሚያርፍ ነፋስ፣ በምድር መሽከርከር የተነሳ 58 ሰዓት የሚፈጀው የውኃው ዙር ጊዜ አያገኝም፤ ነፋሱ ውኃውን ገፍቶ ወደ ፊት ለፊቱ ዳርቻ ይከምረዋል፣ ከሥር ያለውን ደለልም ያነሳዋል።

ጣና ሳይጠና አልቀረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 የመጣ ቡድን ጥልቀቱን ለክቷል። በኋላ ሥራው ወደ ኢትዮጵያውያን ምሁራን እጅ ገባ። እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቻቸው በ2004 በሐይቁ ያሉ ደቃቅ እንስሳት ሥርጭት ከውኃው ድፍርስነት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አሳዩ። አያሌው ወንዴ፣ ስዩም መንግሥቱ፣ እሸቴ ደጀንና ሆላንዳዊ ባልደረባቸው በ2007 ባሳተሙት ጥናት የሐይቁ ምርታማነት ከወቅት ወቅት የሚለዋወጠው በንጥረ ነገር መጠንና በውኃው ጥራት መሆኑን መረመሩ። ጥራቱ የሚለካበት መሣሪያ ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ ነጭ ወይም ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን ነው፣ በገመድ ይወርዳል፤ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። ክረምት ላይ፣ የጉማራና የርብ አፈር ሲገባ፣ ሳህኑ ገና ከመውረዱ ይጠፋል። ኢሳያስ ካባ አያናና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ከሳተላይት ምስል ተነስተው ወደ ሐይቁ የሚገባውን ደለል ለመገመት ሞክረዋል። ሳተላይቱ ግን እዚህም ገጹን ብቻ ነው የሚያየው፤ ክረምት ላይ ደመናው እሱንም ይከለክለዋል።

ያልተመለሰው ጥያቄ ይኸውና። ጣና የሚደፈርሰው ከጉና በሚመጣው አዲስ አፈር ነው ወይስ ነፋስ ከሥር ደጋግሞ በሚያነሳው አሮጌ ደለል? እንደ ወቅቱ የተለያየ መልስ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የመልሱ ልዩነት ትልቅ ነው። አዲሱ አፈር ከሆነ ሥራው እርከን መሥራት፣ ተራራውን ማልበስ ነው። አሮጌው ከሆነ ተራራው ሁሉ ቢለብስም ሐይቁ ለመጥራት ዘመን ይፈጃል። ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን የወረረው የእንቦጭ አረምም የሚጓዘው በነፋስ ነው፤ ዛሬ የተነቀለበት ዳርቻ ነገ ተመልሶ የሚሸፈነው ነፋሱ ከሌላ ስለሚያመጣለት ነው።

የኢትዮጵያ ሐይቆች ለዚህ ሳይንስ እንግዳ አይደሉም። በ1965 የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ባክስተር፣ ፕሮሰርና ውድ ከሐይቅ ተመራማሪው ታሊንግ ጋር ሆነው፣ በመካከለኛ ከፍታ ላይ ያሉ የአፍሪካ ሐይቆች ንብርብር እንዴት እንደሚሠሩና እንደሚያፈርሱ አሳተሙ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ዋና ምስክሮቻቸው ነበሩ። ያገኙት ከውቅያኖሱ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር የሚገርም ነው፤ እነዚያን በተራራ የተከለሉ ሐይቆች የሚያማስለው በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የጠራ ሰማይ ሌሊት ብርድ ነው። ገጹ ቀዝቅዞ ሲከብድ ይሰምጣል፣ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውኃ ይወጣል፤ ሲከፋ ዓሣ በጅምላ ይሞታል። መማሰሉ ሲቀንስም ጉዳት አለው። በታንጋኒካ ሐይቅ ውኃው በመሞቁ መማሰሉ ቀንሶ፣ ምርታማነቱ በ20 በመቶ ገደማ ሳይቀንስ እንዳልቀረ በ2003 የወጣ ጥናት ገምቷል።

በመጨረሻ ስለ መሣሪያው። ለውቅያኖስ የተሠራ ተንሸራታች ለጣና አይሆንም፤ 14 ሜትር ውስጥ መዞሪያም አያገኝ። እሱ የሚመጥነው ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የወሎው ሐይቅ ነው። ለጣና የሚበቃው ከዚያ የቀለለ ነው፤ ከአንድ ተንሳፋፊ ላይ የሚንጠለጠል ገመድ፣ በገመዱ ላይ በየሜትሩ የሙቀትና የድፍርስነት መለኪያ፣ ከላይ የነፋስ መለኪያ፣ የፀሐይ ባትሪና መረጃ በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ ሲም ካርድ። በየ10 ደቂቃው ሌሊትም ቀንም ቢመዘግብ፣ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ብቻ ከላይ ላነሳሁት ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል። አስቸጋሪው ክፍል እንቦጩ ገመዱን እንዳይጎትተው፣ የዓሣ መረብም እንዳይጠላለፍበት ቦታውን ከአስጋሪዎቹ ጋር ተመካክሮ መምረጡ ነው።

ይህን መሥራት ለጋፋት አያንስም። ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡት እዚህ ነው። በጣና ዳር በቆራጣም በመንኮራኩር የሚሄድ ጀልባ ለማሠራት እንደሞከሩ እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በ1868 በታተመ መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጋፋትን ስም የያዘ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሐይቁን ሕይወት ዘመናቸውን ሙሉ ያጠኑ ምሁራንና መርከበኞች የሚያሠለጥን የማሪታይም አካዳሚ አሉ። የጉና ውኃ በአንደኛው በር ወጥቶ በሌላኛው በር ይገባል። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀናጅተው አንድ ተንሳፋፊ በጉማራ መግቢያ፣ ሌላ በሐይቁ መሐል ቢተክሉ፣ መረጃውንም እንደ አርጎ ለሁሉም ክፍት ቢያደርጉት ተማሪ ይማርበታል፣ ገበሬው የተራራው እርከን ምን እንዳመጣ ያይበታል፣ እንቦጭ የሚነቅለው ወጣትም ነፋሱ ነገ ወዴት እንደሚወስደው ያውቅበታል። ገመዱ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ውኃ ውስጥ ይግባ።